የመልካሳ መስመር

የአዳማው ነጋዴ ሐጂ አብዱልመናን ሁለት ካሚዮኖች ከጅቡቲ በባቡር ያስመጡ ዕለት የከተማው ሰው ግማሹ ሊያይ ወጣ፣ ግማሹ በሩን ዘጋ። ዘመናይ በራቸውን ከዘጉት አንዷ ነበረች። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቃ ስታይ ካሚዮኖቹ ከጣቢያው እያጓሩ ወጡ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ መደቡ ላይ የተቀመጠው ጣሳ ወድቆ ተንከባለለ። ያን ቀን ስለ ካሚዮን የምታውቀው ነገር ቢኖር እንደምትፈራው ብቻ ነው።

ዘመናይ የስልከኛው የአቶ ወልደአማኑኤል ልጅ ናት። እናቷን የኅዳር በሽታ ሲወስድባት ገና ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከምንጃር ይዘዋት ወርደው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው የስልክ ቤት አሳደጓት። ቤቷ ጠባብ ናት። አንደኛው ግድግዳ ላይ ስልኩ ተሰቅሏል፤ ከእሱ የሚወጣው ሽቦ በአንድ ወገን ወደ ሞጆ፣ በሌላው ወገን ቁልቁል ወደ አዋሽ ወንዝ፣ ወደ መልካሳና ወደ አርሲ ይሄዳል።

ከሁለት ክረምት በፊት አቶ ወልደአማኑኤልን ንዳድ ጣላቸው። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ጆሯቸውን ይዞባቸው ሄደ። ጆሯቸው ሥር ካልጮኹላቸው በቀር አይሰሙም። ሥራውም ቤቱም የመንግሥት ነው፤ የማይሰማ ስልከኛ ደግሞ አንድ ቀን አያድርም። ስለዚህ ዘመናይ መነጋገሪያውን አነሳች። ከወዲያ ያለው ሰው ሲጠይቅ «አባቴ አጠገቤ ናቸው፣ ጉሮሯቸውን አሟቸው ነው» ትላለች። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ልቧ አብሮ ይዘላል፤ ዛሬ ይታወቅብን ይሆን እያለች።

ካሚዮኖቹ በመጡ በሳምንቱ አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆመ።

«አካም ጅርቱ፣ ቤቶች! ጉተማ እባላለሁ። ከሐጂ አብዱልመናን ዘንድ ነው የመጣሁት።»

ረጅም ነው፤ የባቡር ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ኮት ለብሷል። የመልካሳ ልጅ ሲሆን ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ሆኖ ሠርቶ ነበር። አቶ ወልደአማኑኤል በፈገግታ በርጩማ ሰጡት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ነገሩን ያስረዳ ጀመር።

ከአርሲ የሚወርደው መንገደኛ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ አዳማ ሲደርስ ባቡሩ ሄዷል። የሚቀጥለው እስኪመጣ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ወባ ይጠብቀዋል። ከሻሸመኔና ከዝዋይ የሚመጣውም ሞጆ ላይ እንዲሁ ነው።

«ባቡሩ ለብቻው ይሄዳል፣ በቅሎው ለብቻው ይሄዳል፣ አሁን ደግሞ ካሚዮኑ ለብቻው ሊሄድ ነው» አለ ጉተማ። «እኔ የምፈልገው እንዲተዋወቁ ነው። ባቡሩ ከአዋሽ ጣቢያ ሲነሳ ወሬው በጣቢያው በኩል እዚህ ይድረስ፤ ከዚህ መልካሳ ይድረስ፤ ካሚዮኑ ያኔ ሰው ጭኖ ይነሳ። ሞጆም፣ መቂም፣ ዱከምም እንደዚያው።»

አቶ ወልደአማኑኤል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሚያስፈራው ማነቆ የሚባለው የገደል መንገድ ነው። ሁለት ካሚዮን እዚያ ቢገናኝ ምን ይውጠናል ይላሉ፣ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደኅና ነን» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

ጉተማ ሽማግሌውን አየ፤ ቀስ ብሎም ዓይኑን ወደ ዘመናይ መለሰ። ነጠላዋን ጨብጣ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ተሰናብቶ ሲወጣ ተከትላው ወጣች።

«በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለማንም አይናገሩብን። ሌላ ቤት የለንም፣ ዘመድም የለንም።»

«ሰው የምንጭንበት ነገር ነው፣ እመቤቴ» አለ ዝግ ብሎ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እዚህ ቤት የሚሰማው ጆሮ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

አተኩሮ አያት። እሷም ሳትፈልግ አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እንግዲያው ለሐጂ የምነግራቸው ስልከኛው ጎበዝ ነው ብዬ ነው» አላት።

ከዚያ ስለ ማነቆ አስረዳት። ከአዳማ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ከገደሉ ጎን ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ስፋቱ ለአንድ ካሚዮን ብቻ ነው። መታጠፊያው ብዙ ስለሆነ ከላይ የሚወርደው ከታች የሚወጣውን የሚያየው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማቆም አይቻልም።

«ስለዚህ መንገዱን የሚይዘው ሁልጊዜ አንድ ወገን ብቻ ይሆናል። እኔ ከመልካሳ መንገድ እለምንዎታለሁ። ከሰጡኝ በኋላ ያ ካሚዮን እዚህ ደጅ ሲቆም በዓይንዎ ሳያዩ ሌላ አይልቀቁ። ደርሷል ብሎ ማሰብ አይበቃም።»

«ብሳሳትስ?»

ጉተማ ወደ ጣቢያው ሜዳ ተመለከተ። እናቱ አንድ ክረምት ባቡሩ ዓይኗ እያየ አምልጧት፣ ያንኑ ሜዳ ላይ ስትጠብቅ ንዳድ ይዟት እንደሞተች ያን ቀን አልነገራትም።

«እኔም እፈራለሁ» አለ ብቻ። «የማይፈራ ሰው እዚህ ስልክ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።»

መስመሩ ተጀመረ። ጉተማ መልካሳ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ካለችው የስልክ ጎጆ ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰዉ ለመደው። ከሻሸመኔ በበቅሎ የተነሳ ነጋዴ ዝዋይና መቂ ላይ ወሬ እየጠየቀ ሞጆ ላይ ባቡሩን ያገኘዋል፤ የዱከም ገበያተኛ ባቡሩ መቼ እንደሚያልፍ አውቆ ከቤቱ ይወጣል፤ ከአርሲ የወረደው ካሚዮን ላይ ከጆንያ ጋር ተጫጭኖ መጥቶ ጣቢያው በር ላይ ይወርዳል። ሜዳው ላይ የሚያድረው ሰው ቀነሰ። ሰዎች ሐጂን አመሰገኑ፣ ሾፌሮቹን አመሰገኑ።

ዘመናይን ማንም አላመሰገናትም፤ እሷም ምስጋና አላማራትም። መንገዱን ሰጥታ ካሚዮኑ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምታልፈው ብቻ ነበር ጭንቀቷ። ያኔ እህል አይወርድላትም። ወጥ ታሳርራለች። ደጅ ወጥታ ቁልቁለቱ ላይ አቧራ ትፈልጋለች፤ አቧራው ሲነሳ የበሩ ደፍ ላይ ትቀመጣለች።

«መልካሳ ነኝ። መንገድ ይስጡኝ።»

«መንገዱ የእርስዎ ነው።»

ንግግራቸው መጀመሪያ ይኸው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ሁለቱም ከተናገሩ በኋላ መነጋገሪያውን አላስቀመጡም። በሽቦው ውስጥ የሆነ ነገር ይንሾካሾካል።

«የሚሰማኝ ምንድን ነው?» አለች።

«አዋሽ ነው። ቆዩ፣ ላስጠጋልዎ።»

መነጋገሪያውን ወደ መስኮቱ ሳበው። ዘመናይ ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ ውሃው ድንጋይ እየገፋ ይሄዳል።

«ያስፈራል» አለችው።

«እኔንም ያስፈራኛል። ጉማሬዎቹ ከውሃ ሲወጡ መብራቴን አላጠፋም።»

ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። አባቷ ሳቋን ባይሰሙም ፊቷን አይተው ቀና አሉ።

ከዚያ በኋላ የእናቱን ነገር ነገራት። እሷም የምንጃርን ብርድ፣ የእናቷን ጠረን ነገረችው። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ አንድ ማለዳ፣ «ዛሬ ድምፅሽ ደክሟል» አላት።

«ድምፅሽ» ነው ያለው። ሁለቱም ሰሙት። በሽቦው ውስጥ ወንዙ ብቻ ተናገረ።

«አጠፋሁ ይሆን?»

«የለም» አለች። አክላም፣ «በዚያው ቀጥል» አለችው፤ እሷም «አንተ» ማለቷ ነበር።

አንዳንድ ቀን ከካሚዮኑ ጋር ይመጣል። ያኔ አይነጋገሩም። እሱ የሐጂን መልእክት ለአቶ ወልደአማኑኤል በምልክት ያስረዳል፣ እሷ ውሃ ታቀርባለች፣ ጣሳውን ሲቀበላት ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። በስልክ ሲሆን ያን ሁሉ የሚያወሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲሆኑ አፋቸው ይያዛል። ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ ካሚዮኑ እስኪሰወር ታየዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ከሌላው ቀን ሁሉ የባሰ ነው። በልቧ እየደጋገመች ካሚዮኑ ገደል ሲገባ ታያለች። መልካሳ ደርሶ ስልኩ ሲጮኽ፣ «ገባሁ» የምትለውን አንዲት ቃል ስትሰማ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች።

አቶ ወልደአማኑኤል ይህን ሁሉ ያያሉ። ጆሯቸው ከጠፋ ወዲህ ዓይናቸው ስል ሆኗል።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ኃይለየሱስ የሚባል የስልክ መስመር ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ረጋ ያለ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ትንሽ እንደተቀመጠ ሁሉንም ተረዳ። ዘመናይ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት።

«አይሆንም፣ ተነሽ» አለ። «በሽማግሌ ላይ የሚጨክን ልብ የለኝም።»

ሁለት ቀን አዳማ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ለአቶ ወልደአማኑኤል ጆሮ ጠጋ ብሎ ሐሳቡን ገለጸ፦ ሚስት የለውም፤ ልጅቷን ወዷታል፤ ዘመድ ከሆኑ ደግሞ እሱ የሚናገረው ነገር አይኖርም። ፍልሰታ ሲፈታ ይታጫሉ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደግ የሠራ መስሎት ነበር።

እሱ ሲወጣ አባቷ ጠሯት። ሹክ የሚሉ መስሏቸው ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«ያን የመልካሳውን ልጅ እንዴት እንደምታዪው አይቻለሁ። ጆሮ እንጂ ዓይን አላጣሁም። ጎጆው የሐጂ ነው፣ ካሚዮኑ የሐጂ ነው፣ ገደሉ የእግዚአብሔር ነው። አንድ ቀን ከነካሚዮኑ ቢቀርስ? አንቺን ለማን ጥዬሽ ልሙት?»

ዘመናይ ልትመልስላቸው ከንፈሯን ከፈተች። ለአባቷ ሁሉን ነገር የምትነግራቸው በጩኸት ነው፤ ውሃ ቀድቻለሁ፣ እንግዳ መጥቷል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እያለች። ጉተማን እወደዋለሁ ብላ ግን እንዴት ትጩኸው? ከንፈሯን መልሳ ገጠመች። አባቷ ዝምታዋን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ እንባቸውንም በጋቢያቸው ጠረጉ።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ሰማዩ ጣራው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«መልካሳ ነኝ። ሰው ጭነናል። መንገድ ስጪኝ።»

«ዝናቡ አያስፈራም?»

«ያስፈራል። ግን ውሃው ድልድዩን እየላሰው ነው። እዚህ ማቆየቱ ይብሳል።»

ዓይኗን ጨፈነች። «መንገዱ ያንተ ነው» አለች። ከዚያ፣ ዛሬ ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ስለተሰማት፣ «ጉተማ፣ ሊያጩኝ ነው» አለችው። «ለተቆጣጣሪው። ፍልሰታ ሲፈታ።»

አንድ ነገር ተንጫረረ። ከዚያ ምንም የለም። ወንዙም የለም።

«ጉተማ?»

እጀታውን ደጋግማ አዞረች። ሽቦው ተበጥሶ ነው ወይስ እሱ አስቀምጦባት ነው? ሰምቶ ነው ወይስ ሳይሰማ? እንደገና አዞረችው። ግድግዳ እንደማናገር ሆነ።

ካሚዮኑ መድረስ የነበረበት ጊዜ አለፈ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባቡር ገብቶ ወደ አርሲ የሚሄዱትን አውርዶ ሄደ። መንገደኞቹ እየራሱ ወደ ሁለተኛው ካሚዮን ተሯሯጡ። ሾፌሩ አብዱናሲር ሞተሩን አስነስቶ በስልክ ቤቱ ደጅ ቆመ።

«እኅቴ፣ ልውረድ?»

«አይቻልም። መንገዱን ለመልካሳ ሰጥቻለሁ።»

«ደውይላቸዋ።»

«ስልኩ ሞቷል።»

አብዱናሲር ወደ ቁልቁለቱ አየ፤ ሞተሩን አጠፋ። ሐጂ አብዱልመናን ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ጉተማ ሰው አያስነሳም። እኔ አውቀዋለሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ትንሽ ከቆየን ድልድዩ ይሄድብናል፤ ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ይቀራል።»

ከተሳፋሪዎቹ መሃል አንዲት ሴት እየገፋች ወጣች። ፋዲላ ትባላለች። ሕፃን ልጇን በጀርባዋ አዝላ በሻሽ ሸፍናታለች።

«ልጄ ነደደችብኝ» አለች። «የዚህ አገር ሙቀት ገደላት። ደጋ ካገባኋት ትድናለች፤ እናቴ እዚያ ናት። በአላህ ይሁንብሽ፣ ልቀቂን!»

ዘመናይ የልጅቷን እግር ነካች፤ እሳት ነው። ሐጂ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ጉተማ ነገሩን ሰምቶ፣ ተቆጥቶ ስልኩን አስቀምጦባት፣ ካሚዮኑንም አስቀርቶት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ይህችን ሕፃን የምትገድላት እሷ ናት። ካልሆነ ደግሞ... አስባ ልትጨርሰው አልቻለችም።

ኃይለየሱስ ከኋላዋ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገራት።

«ሕዝቡ ተቆጥቷል። ስልከኛውን ጥሩልን ሊሉ ነው፤ ያኔ የአባትሽ ነገር ይወጣል፣ እኔም መሸፈን አልችልም። ‹አባቴ ፈቅደዋል› በይና ልቀቂው። በዚሁ ያልቃል።»

እንዳለውም አንድ ሰው «ስልከኛው ይናገር!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። አቶ ወልደአማኑኤል በሩ ላይ ቆመው የተሰበሰበውን ሰው እያዩ ግራ ተጋብተው ፈገግ ይላሉ።

«አባባ፣ ካሚዮኑ ይሂድ ወይስ ይቅር?» አሏቸው ሐጂ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው።»

ሐጂ ጃንጥላቸውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉ።

ዘመናይ ወደ ዝናቡ ወጣች፤ ካሚዮኑ ፊት ቆመች።

«አባቴ አይሰሙም» አለች። «ከካቻምና ጀምሮ አይሰሙም። መንገድ ስሰጣችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ መንገዱን ለመልካሳ ሰጥቻለሁ፤ ያ ካሚዮን እዚህ ሲቆም ካላየሁ አልመልሰውም። ባዶ ይሁን አይሁን አላውቅም። እፈራለሁ። ስለምፈራ ነው የማለቃችሁ።»

«ልጄ ብትሞትስ?» አለች ፋዲላ።

ዘመናይ ከካሚዮኑ ፊት አልተነሳችም። እንባዋ ከዝናቡ ጋር ወረደ። አብዱናሲር ከካሚዮኑ ወርዶ አጠገቧ ቆመና፣ «ሐጂ፣ እሷ ካላለች እኔ አልነዳም» አለ።

ሕፃኗን ወደ ውስጥ አስገቧት። ዘመናይ ጨርቅ እያራሰች ግንባሯ ላይ ታደርጋለች፣ ተነሥታ እጀታውን ታዞራለች፣ ደጅ ወጥታ ቁልቁለቱን ታያለች። ቁልቁለቱ ላይ ጭጋግ እንጂ ምንም አይታይም። ፋዲላ አታናግራትም። ሰዉ በየጥጉ ተጠግቶ ያጉረመርማል። አቶ ወልደአማኑኤል ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም፤ ግን ከሰዉ ፊት አንብበውታል። ጥግ ይዘው ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። ኃይለየሱስ ደጅ ቆሟል።

ቀኑ ሊጨልም ሲል ጭጋጉ ውስጥ አንድ ሰው ታየ። በእግሩ ነው፤ እያነከሰ ይሮጣል፤ ከራስ እስከ እግሩ ጭቃ ነው። ዘመናይ ያወቀችው በቁመቱ ነው።

ጉተማ ሰው ሁሉ ባለበት ትከሻዋን ያዘ።

«ካሚዮኑ ወርዷል?»

«አልወረደም።»

«አልወረደም?»

«ያው ቆሟል። እየው።»

ዞሮ አየው። ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሲተነፍስ ነገራቸው። ማነቆ አጋማሽ ላይ አፈሩ ተንዶ የካሚዮኑ አንድ ጎማ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ወንዶቹ በገመድ ይዘውታል። ሴቶቹንና ልጆቹን መታጠፊያው ላይ ከገደሉ ግድግዳ ሥር አስጠግተዋቸዋል፤ ዝናቡ የማይመታው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ከላይ የሚመጣ ካሚዮን ግን እነሱ ላይ ካልሆነ በቀር የሚቆምበት የለውም።

«ስሮጥ የመጣሁት በየመታጠፊያው የሞተር ድምፅ እየሰማሁ ነው» አለ። «ሞተር አልነበረም። ጎርፍ ነው። እኔ ግን መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ...»

ሐጂ አብዱልመናን ጃንጥላቸውን ጥለው «ገመድ አምጡ!» ብለው ጮኹ። ወንዶቹ ሁሉ ተነሡ። ኃይለየሱስም ንጹሕ ኮቱን አውልቆ አብሯቸው በእግሩ ወረደ።

ጉተማ መልሶ ሊከተላቸው ሲነሳ ዘመናይ እጅጌውን ያዘችው።

«አንተ ለምን ካሚዮኑ ላይ ወጣህ? ያንተ ቦታ ጎጆዋ ናት።»

«ያልሽውን ሰማሁ።»

«ስልኩን የዘጋህብኝ መስሎኝ...»

«መልሼልሽ ነበር። ሽቦው ሞቶ አልሰማሽኝም እንጂ።»

«ምን ብለህ መለስክልኝ?»

«‹እኔስ?› ነው ያልኩት» አለ ጉተማ። «ሌላ ቃል አልመጣልኝም። መልስ ሳጣ ካሚዮኑ ላይ ዘልዬ ወጣሁ።»

ዘመናይ ነጠላዋን አውልቃ የደማ ጉልበቱን አሰረችለት። ከዚያ ለቀቀችው፤ ወረደ።

ሁሉም በሕይወት ወጡ። ካሚዮኑ ግን ተንሸራቶ ገደል ገባ፤ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ አዳማ ድረስ ደረሰ። ፋዲላን ሐጂ ራሳቸው በማለዳ በበቅሎ አሳፍረው በላይኛው መንገድ ሰደዷት። ስትሄድ ዘመናይን ዞራ አላየቻትም። ዘመናይም አልወቀሰቻትም፤ ሽቦው እስኪጠገን ድረስ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሽቦው በተጠገነ ማለዳ የመጀመሪያው ወሬ ከአርሲ መጣ። ሕፃኗን ትኩሳቱ ለቋታል። ፋዲላም «ያችን ልጅ ይቅር ብያታለሁ፣ እሷም ይቅር ትበለኝ» ብላለች።

የአቶ ወልደአማኑኤል ነገር ሊሸፈን አልቻለም። ኃይለየሱስ ግን አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሽማግሌው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ የታመሙ ናቸው ብሎ ተከራከረላቸው፤ በክብር ጡረታ ወጡ፤ ሌላ ስልከኛ እስኪመጣም ቤቱ አልተወሰደባቸውም። ለስንብት ሲመጣ ዘመናይን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ያን ቀን ልቀቂው ብዬሽ ነበር» አለ። «ካሚዮኑ እስካሁን በሕልሜ ይወርዳል።» ስለ ማጨት ከዚያ ወዲያ አላነሳም።

መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠነክር ሽማግሌዎች መጡ። የጉተማ አጎት አቶ ገርባ፣ የማርያም ቄስና ሐጂ አብዱልመናን ናቸው። ዘመናይ እንደ ደንቡ ጓዳ ገብታ ተሸሸገች። አቶ ገርባ በትራቸውን ተደግፈው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ አቶ ወልደአማኑኤል በትሕትና አዳመጡና፣ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ ጮኹ፤ አልሰሙም። ሐጂ ጮኹ፤ ሳል ያዛቸው።

«ዘመናይ!» ብለው ተጣሩ አባቷ። «ነይ እንጂ! እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚሉ ንገሪኝ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘመናይ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ወጣች። አባቷ ጆሮ ሥር ተንበረከከች። ልቧ ያ ስልክ ሲጮኽ እንደሚዘለው ይዘላል። ደጅ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ጉተማ እንደቆመ ታውቃለች።

«ለጉተማ...» አለች ቀስ ብላ።

«አልሰማሁም!»

ትንፋሿን ሳበች። «ልጅዎን ለጉተማ ስጡን ነው የሚሉት!»

«እነሱስ ይበሉ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ዘመናይ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሳች።

«እወደዋለሁ፣ አባዬ!» ብላ ጮኸች።

ጎረቤት ሰማ፤ ጣቢያው ላይ ያለ ተሸካሚ ሁሉ ሰማ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ሳቅም ልቅሶም የማይመስል ድምፅ አሰማ። አቶ ወልደአማኑኤል የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«ይኼን ሰማሁ» አሉ።

በጥቅምት ሠርጋቸው ተደርጎ አብዱናሲር ሙሽሮቹን ወደ መልካሳ ሊያወርድ ተነሣ። አባቷ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ማነቆ አፍ ላይ ሲደርሱ ዘመናይ ወደ ታች አየች። ያን ሁሉ ጊዜ መንገዱን ስትሰጥና ስትይዝ አንድም ቀን ወርዳበት አታውቅም። የገደሉ ግርጌ አይታይም፤ አሞሮች ከእግራቸው በታች ይዞራሉ። ተንዶ የነበረው ቦታ በድንጋይ ተጠግኗል፤ አፈሩ ገና ቀይ ነው።

«አቁም!» ብላ ጮኸች። «በእግሬ ነው የምወርደው።»

አብዱናሲር አቆመ። ጉተማ አብሯት ወረደ። ካሚዮኑ ቀስ እያለ ቀድሟቸው ሄደና በመታጠፊያው ተሰወረ። ዘመናይ ጀርባዋን ከግድግዳው አጣብቃ ቆመች፤ በስልኩ ውስጥ ትሰማው የነበረው ወንዝ ሩቅ ታች ያበራል።

«ይህን አይቼው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀንም መንገድ አልሰጥህም ነበር» አለችው።

ጉተማ አልሳቀም። በገደሉ በኩል ዞሮ እሷን በግድግዳው በኩል አደረጋትና እጇን ያዘ፤ ቀስ እያሉ ወረዱ።